በሟች ስም የሚጠሩ

በስቅለት ዕለት ከቀትር በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ኤሊጆ የሶራኮርቴን መቃብር አጥር ተከትሎ ሻማ ሲሰካ፣ በሕፃናቱ ጥግ አንዲት ሴት በግንባሯ ተደፍታ አየ። የምትጸልይ መስሎት ኮቴውን አጥፍቶ አለፋት። ተመልሶ ሲመጣም እንደዚያው ነበረች። አንድ እግሯ ጫማ እንደሌለው ያስተዋለው ያን ጊዜ ነው።

ኢንስፔክተር ኖርማ ፎንታኒቬ ከረዳቷ ከሶማካል ጋር ከታችኛው ከተማ ስትደርስ የመቃብሩ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል።  ኢንስፔክተሯ እንደ ልማዷ ወደ ሬሳው ከመጠጋቷ በፊት ቆማ ዙሪያውን ተመለከተች።

የሴትየዋ ቁስል በማጅራቷ በኩል ነው፤ የተኛችው ግን በፊቷ ነው። የወለቀው ጫማ ከሬሳው ራቅ ብሎ ወድቋል። ከጫማው እስከ ሬሳው ድረስ ጠጠሩ ላይ የመጎተት ምልክት አለ። ጫማው በወደቀበት ስፍራ ያሉት ትናንሽ የመቃብር ድንጋዮች ሁሉም የድንጋይ ሽበት ለብሰዋል። አንዱ ብቻ ነጭ ነው። ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ በተቀረጹት ፊደላት ውስጥ ጣቷን አስገባች። እርጥብ ነበር።

"ይህን ማን አጠበው?"

"ለፋሲካ ሰው የዘመዱን መቃብር ያጥባል፣ እመቤቴ" አለ ኤሊጆ። "እኔ ግን ሲያጥብ ያየሁት ሰው የለም። ሐሙስ ማታ የደወሉን ገመድ ካሰርኩ ወዲህ ሥራ ፈትቼ ቤቴ ነው የዋልኩት።"

ድንጋዩ "ኦሬስቴ ዳል ፋራ" ይላል። ሁለተኛ ዓመቱን ሳይደፍን የሞተ ልጅ ነው።

"ዳል ፋራዎቹ እነማን ናቸው?"

"የመንደሩ ግማሽ ዳል ፋራ ነው፤ የቀረው ግማሽ ቶርመን።"

"የዚህ ልጅ ወላጆችስ የት ነው የተቀበሩት?"

ኤሊጆ በአገጩ አመለከታት። የወላጆቹ መቃብር ላይ ካለፈው መኸር የረገፈው ቅጠል እንኳ አልተጠረገም። ኢንስፔክተሯ ያንን ትንሽ አየችው።

ሶማካል የሟቿን መታወቂያ ከቦርሳዋ አውጥቶ አነበበ። "ፍላቪያ ቡሪጎ። የክብር ዳኛ፣ የዜግነት ጉዳዮች ችሎት።" ቀና አለ። "የክብር ዳኛ ደግሞ ምን ዓይነት ዳኛ ነው? የሌላው ክብር የለውም ማለት ነው?"

"ዳኛ ሲጎድል ዳኛ የሚሆን ጠበቃ ነው። ካባ ይለብሳል፣ በሕዝብ ስም ይፈርዳል። የሚከፈለው ግን በዋለው ችሎት ልክ ነው። ቢታመም የሚጠይቀው የለም።"

"የቀን ሠራተኛ ነዋ!"

"ካባ የለበሰ የቀን ሠራተኛ" አለች። "አሁን ዝም በልና ጫማውን ፎቶ አንሣ።"

የሟቿ ባል ቱልዮ ጡረታ የወጣ የሙዚቃ አስተማሪ ነው። ሁለቱን መርማሪዎች የተቀበላቸው ለምሳ እንደተሰናዳ በቀረ ጠረጴዛ አጠገብ ነበር።

"ከቀትር ትንሽ ቀደም ብላ ደወለችልኝ" አለ። "'ቫለንቲኖን አገኘሁት፤ ያኔ አልሞተም' አለችኝ። ትስቅ ነበር።"

"ቫለንቲኖ ማን ነው?"

"በአያቶቻችን ዘመን ከሶራኮርቴ ተነሥቶ ወደ ብራዚል የተሻገረ ሰው። ዘሮቹ ዜግነት ጠይቀዋል። የፍላቪያ ሥራ ይኸው ነው። 'የአያታችን አባት ከእናንተ ነው' የሚሉ ሰዎች ይከሳሉ፤ እሷ ከላይ ትጀምርና ወደ ታች ትወርዳለች። ተወለደ፣ አገባ፣ ሞተ። ልጁ ተወለደ፣ አገባ፣ ሞተ። ሁሉም በጽሑፍ ስለሚያልቅ አንድም ቀን ሕያው ባለጉዳይ አይታ አታውቅም። 'እኔ ፊት የሚቀርቡት ሙታን ብቻ ናቸው' ትል ነበር። አንዳንድ ማታ እራት ላይ ዝም ስትል 'ዛሬ ስንት ሆነን ነው የምንበላው?' እላታለሁ። አትስቅም።"

"የሚጠላት ሰው ነበር?"

"ማን ያውቃታልና? ሰው ፍርዱን ነው የሚያየው፤ ከሥር ያለውን ስም ማንም አያነብም።"

ሐኪሙ ሟቿ የተመታችው ቀትር ላይ ነው አለ። ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማ የሚወርደው አውቶቡስ ሾፌር ደግሞ ፊቱ የገረጣ እንግዳ ሰው ከሶራኮርቴ እንዳሳፈረ ተናገረ። ሰውዬው ከአውቶቡስ ጣቢያው ሳይርቅ ተያዘ። ስሙ ጃንዲር ቶርመን፣ ሥራው ወይን አልሚ፣ አገሩ ደቡብ ብራዚል ነው። ሟቿ ስትመረምረው የነበረው መዝገብ የእሱ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አባቱ ያቀረበው ተመሳሳይ የዜግነት ጥያቄ በዚያው ችሎት ውድቅ ሆኗል፤ አባትየውም በዚያው ክረምት ሞተዋል። ባለፈው ወር ጃንዲር በፍርድ ቤቱ በር ላይ ጮኾ ጥበቃዎች አባረውታል።

"ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?" አለ ዐቃቤ ሕጉ በስልክ። "በፋሲካ ማግስት ዳኛ ፊት አቀርበዋለሁ። ወህኒ ከወረደ በኋላ የቀረውን ተረጋግተሽ ትፈልጊያለሽ።"

ወህኒ ከወረደ በኋላ ማንም ምንም እንደማይፈልግ ኢንስፔክተሯ ታውቃለች።

የፖርቱጋል ቋንቋ አስተርጓሚ ተጠርታ መጣች። ጃንዲር ጉልበቱን ገጥሞ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ተማሪ መምህሩ ፊት እንደሚቀመጥ ተቀመጠ። አስተርጓሚዋ የተናገረውን ወግ ባለው ጣልያንኛ ታስተላልፍ ጀመር።

"ዳኛዋን በዓይኔ አይቻት አላውቅም ይላል። የመጣው የአያቱ አባት የተወለዱበትን መንደር ለማየት ነው።"

"ቀትር ላይ የት ነበር?"

"አደባባዩ ላይ ባለው የውኃ መቅጃ። ከአንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ጋር ሲነጋገር ነበር።"

"ምን ተባባሉ?"

አስተርጓሚዋ ሁለቴ ጠየቀችው። "የት ቆይተህ ነው ስትለው፣ ሩቅ ነበርኩ አላት። ከዚያ ፊቱን በእጇ ዳሰሰችው። ፈርቶ ሄደ።"

ሶማካል ብዕሩን አስቀመጠ። "እኔ ብሆንም እሄድ ነበር" አለ።

ዓይነ ስውሯ እማማ ጃቺንታ በሶራኮርቴ ከሚኖሩት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ ናቸው። ቤታቸው ከውኃው ፊት ለፊት ነው። ኢንስፔክተሯና ሶማካል ሲገቡ አሮጊቷ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ተቀምጠው ነበር።

"እማማ፣ ዛሬ ውኃው ጋ እንግዳ ሰው አናግሮዎት ነበር?"

"የምን እንግዳ? እንግዳ አላየሁም።" ራሳቸው ሣቁ። "አየሁ ስል ሰማችሁኝ? አልሰማሁም ማለቴ ነው።"

"እዚያ ማንም አላናገረዎትም?"

"አባቴ ነው ያናገረኝ።"

ሶማካል ወደ ኢንስፔክተሯ ዞሮ ጣቱን ጆሮ ግንዱ ላይ አዞረ።

"አባትዎ በሕይወት አሉ?" አለች ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ።

"ምን ያለ ጥያቄ ነው ልጄ! ከሞተ እኮ ዘመን አልፎታል። ዛሬ መጣ፤ አናገረኝ፤ ሄደ። ስቅለት አይደል? ሙታን የሚነሡበት ቀን ነው።"

ወደ መኪናው ሲመለሱ ሶማካል "ይህን ጻፊና ለዐቃቤ ሕጉ ላኪለት" አለ። "ምስክራችን ከሟች አባቷ ጋር ስትጨዋወት ነበር በይው። ሰውዬው አለቀለት።"

በመንደሩ ሟቿን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። እሱም የክብር ዳኛ ነው፤ በዚያው ችሎት አብሯት ይሠራል። ዳል ፋራ ይባላል፤ መንደርተኛው ግን ስሙን ትቶ "ዳኛው" ነው የሚለው። ልብሱ የተተኮሰ፣ ጠረጴዛው የተስተካከለ፣ ብቻውን የሚኖር የስድሳ ዓመት ሰው ነው። ለሁለቱም መርማሪዎች ወይን ቀዳላቸው።

"ከፍላቪያ የበለጠ ጠንቃቃ ሰው አላውቅም" አለ። "እኛ እኮ ቋሚዎቹ ዳኞች በመተላለፊያው ሲያገኙን ሰላም የማይሉን ነን። መዝገቡን ግን በክምር ይሰጡናል። እሷ እያንዳንዱን እንደ ነፍስ ትይዘው ነበር።"

"ዛሬ አግኝተዋታል?"

"ከቀትር በፊት ደውላልኝ ነበር። እዚህ መጥቻለሁ አለችኝ። ጥድፊያ ላይ ነኝ፣ ከሰዓት ብቅ በይ አልኳት። ምነው ያን ጊዜ ሄጄ በነበር!"

"ከዚያስ ምን አደረጉ?"

"የማደርገውን ነዋ። ፍርድ ስጽፍ ቆየሁ፤ የቀትሩ ደወል ሲደወል ብዕሬን አስቀምጬ ለፓስታዬ ውኃ ጣድኩ። ምሳዬን በላሁ። ከዚያ ኤሊጆ ሲጮኽ ሰማሁ።" አንገቱን ነቀነቀ። "የተፈረደባቸው ሰዎች ይጠሉናል። ሕጉን አይደለም፤ እኛን ነው የሚጠሉት።"

ኢንስፔክተሯ ያለውን ሁሉ ጻፈች። እሷ የከተማ ልጅ ናት፤ በከተማ ሰው ምሳውን በደወል አይበላም።

ቅዳሜ ስዑር ጠዋት ሶማካል የቢሮዋን በር ሳያንኳኳ ከፈተው። ሣቁ ከፊቱ ጠፍቷል።

"ነይ ስሚ" አለ።

"ምኑን?"

"ነይ ብቻ።"

በማረፊያ ክፍሉ አጠገብ ቆሙ። አስተርጓሚዋ ገና አልመጣችም። ጃንዲር ግድግዳውን ተደግፎ ለራሱ ይናገራል። ፖርቱጋልኛ አይደለም። የዚያው ተራራ ቋንቋ ነው፤ ግን ዛሬ የሚነገረው ዓይነት አይደለም። ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው ሳያሳጥሩት፣ ራዲዮና ቴሌቪዥን ሳያርሙት የነበረው ነው። ሟች አያቶች የተናገሩት፣ ከእነርሱ ጋር የተቀበረ ቋንቋ።

"ደግ ሰዎች" አለ ጃንዲር የእግር ኮቴ ሲሰማ፣ "ጥቂት ውኃ ብታቀምሱኝ እግዜር ያክብራችሁ።"

ሶማካል ግንባሩን አሸ። "አያቴ ናቸው" አለ በሹክሹክታ። "እምልልሻለሁ፣ አያቴ ናቸው። ውኃ ሲጠይቁ ልክ እንዲህ ነበር የሚሉት።"

ኢንስፔክተሯ ገባችና ውኃውን ራሷ ሰጠችው። "ይህን ቋንቋ ትናንት ለምን አልተናገርክም?" አለችው በተራራው ቋንቋ።

ጃንዲር ጆሮው ድረስ ቀላ። "ይኼማ የወጥ ቤት ቋንቋ ነው፣ እመቤት። ቅድመ አያቶቻችን ይዘውት የተሻገሩት ነው። ቤታችን ውስጥና ወይኑ መሐል እንናገረዋለን። መንግሥት ፊት ሲቀርቡ ግን በትልቁ ቋንቋ ነው ብለው ነው ያሳደጉን። አስተርጓሚም አመጣችሁልኝ፤ ምን ልበል?"

"አሮጊቷን በየትኛው ነው ያናገርካት?"

"በዚሁ ነዋ። እሷ ናት የጀመረችው።"

ጃንዲርን ይዘው ሶራኮርቴ ደርሰው ከመኪናው ሲወርዱ እማማ ጃቺንታ ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። ኢንስፔክተሯ ለጃንዲር ምልክት ሰጠችው።

"እንደምን አደርሽ፣ እናቴ?" አለ ጃንዲር።

የአሮጊቷ እጆች ከጭናቸው ተነሡ። "ተመለስክ? ትናንት ምነው ጥለኸኝ ሄድክ? ገና የበጎቹን ነገር ሳልጠይቅህ!"

ሶማካል ፊቱን አዞረ። ኢንስፔክተሯ ከአሮጊቷ አጠገብ ተቀመጠችና ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ አስረዳቻቸው። እማማ ጃቺንታ የጃንዲርን ፊት እንደገና በእጃቸው ዳሰሱ፤ ከግንባሩ እስከ አገጩ።

"የቶርመን አፍንጫ ነው" አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ወረደ። "አባቴ አይደለማ። እኔ እኮ ዛሬም እስኪመጣ ስጠብቅ ነበር።"

"እማማ፣ ትናንት አብሮዎት የነበረው በስንት ሰዓት ነው?"

"ቀትር ላይ። ልጆቹ በእንጨት ማንኳኪያቸው እያንኳኩ ሲያልፉ አጠገቤ ቆሞ ነበር። 'ይኼ በእኛም አገር አለ' አለኝ።"

"የቀትሩ ደወል ከመደወሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

"የምን ደወል?" አሮጊቷ ተቆጡ። "ክርስቲያን አይደለሽም? ከሐሙስ ማታ እስከ ትንሣኤ ደወል አይደወልም፤ ታስሯል። ቀትርን የሚያስታውቁት ልጆቹ ናቸው በእንጨት።"

 ኢንስፔክተሯ ከአሮጊቷ በረንዳ ጥግ ወደምትታየው ቤተ ክርስቲያን ቀና አለች። ከመንደሩ በላይ ካለው መቃብር ግን የልጆቹ ማንኳኪያ አይሰማም።

"እማማ፣ ዳኛውን ያውቁታል?"

"ኦሬስቴን? ሁለተኛውን? እንዴት አላውቀውም!"

"ሁለተኛውን?"

"የመጀመሪያው ሕፃን ሳለ ሞተ። ለቀብር ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ዓይኔ ያይ ነበር። እናትየው ሌላ ስትወልድ ያንኑ ስም ሰጠችው። እዚህ አገር እንዲያ ነው። የሞተው ልጅ ስም መሬት ላይ አይቀርም፤ ለሚከተለው ይሰጣል። ትናንት ጠዋት ዳኛዋም ቤቴ መጥታ ይህንኑ ጠየቀችኝ፤ ድሮም እንዲህ ነበር ወይ ብላ። ከመጀመሪያው ነው አልኳት። ደስ ብሏት ወደ መቃብሩ ወጣች።"

ኢንስፔክተሯና ሶማካል የዳኛውን በር ሲያንኳኩ ዳል ፋራ ጠረጴዛው ላይ ይጽፍ ነበር። ኢንስፔክተሯ ወይኑን አልተቀበለችም።

"አንድ ነገር ላረጋግጥ ነው የመጣሁት። ትናንት ቀትር ላይ ከጠረጴዛዎ ያስነሣዎት ምን ነበር?"

"ደወሉ። ነግሬሽ የለ..." አቆመ። በመስኮቱ ወደ ደወሉ ማማ ተመለከተ።  "ልማድ ነው" አለ በኋላ። "ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ደወል ነው ውኃ የጣድኩት።"

"አውቃለሁ። የሌላ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ ሰዓቴን አየሁ ብሎ ነበር የሚዋሸው። በቀትር ቤትዎ ቢሆኑ ኖሮ ደግሞ ልጆቹ በመስኮትዎ ሥር ሲያንኳኩ ይሰሙ ነበር።"

"ይህ ማስረጃ አይደለም።"

"አይደለም። የታጠበው ድንጋይስ?"

"የወንድሜን መቃብር ማጠብ ወንጀል ሆነ?"

"የአባትዎንና የእናትዎን ትተው የእሱን ብቻ? ሶማካል፣ ንገራቸው።"

ሶማካል ጉሮሮውን ጠረገ። "የጃንዲርን አባት ጥያቄ ውድቅ ያደረጉት እርስዎ ነዎት። ቫለንቲኖ ቶርመን በሕፃንነቱ ሞቷል፤ በኋላ በስሙ የተጠራው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም ብለዋል።"

"የሞተ ልጅ ስም ለሚከተለው እንደሚሰጥ በዚህ መንደር የማያውቅ ሰው የለም" አለች ኢንስፔክተሯ። "እርስዎ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያውቃሉ።"

ዳል ፋራ ብዕሩን ከወረቀቱ ጋር እኩል አድርጎ አስቀመጠ። ሲናገር ድምፁ ፍርድ የሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር።

"'ኦሬስቴ፣ ስምህ ፊት ቆሜአለሁ' አለችኝ በስልክ። ስደርስ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ስለ ፍርድህ ለችሎቱ ሰብሳቢ መጻፍ አለብኝ፣ ቀድሜ ግን ለአንተ ልንገርህ ብዬ ነው አለችኝ። በዚህ ጸደይ ሹመቴ እንደገና ይመረመራል። ፍርድ ቤት ውስጥ ማንም ሰላም አይለኝም፤ እዚህ ግን ዳኛው ነኝ። ይህን ማዕረግ ከወሰዱብኝ የሚቀረኝ የሞተው ልጅ ስም ነው።"

"የአባትየውን ጥያቄ ግን ለምን እንዲያ አደረጉት?"

"እናቴ በየስቅለቱ እዚያ ድንጋይ ፊት ታቆመኝ ነበር። 'ጸልይለት፤ ስሙን ያዋሰህ እሱ ነው' ትለኛለች። መዝገቡን ሳነብ ሌላ የሞተ ልጅ አገኘሁ፤ ሌላም ተበዳሪ። ያ ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ ስሙ ይመለስለት ብዬ ፈረድኩ። ትክክል እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ስፈርም ግን ቀለለኝ።"

"ቡሪጎንስ?"

"ክንዴን ያዘችኝ። ገፋኋት። ድንጋዩ ላይ ወደቀች። ደሙ ስሙ ላይ ፈሰሰ።"

"ከዚያ ወደ አጥሩ ጎተቷት።"

"ከእሱ ላይ እንድትነሣ ነው። ከዚያ ውኃ አመጣሁ።"

"ለእሷ?"

"ለድንጋዩ።"



"ትተነፍስ ነበር?" አለች ኢንስፔክተሯ።

ዳል ፋራ እጆቹን ተመለከተ። "አላየሁም" አለ።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ጃንዲር ተለቀቀ። ኢንስፔክተሯ ባርኔጣውንና ቀበቶውን ራሷ መለሰችለት።

"መዝገብህ ለሌላ የክብር ዳኛ ይመራል" አለችው። "እንደገና ከመጀመሪያው ነው የሚታየው።"

"ዳኛዋ ያገኘችውስ?"

"ገና አልጻፈችውም ነበር። እማማ ጃቺንታ አሉ፤ እኔም እመሰክራለሁ። ግን ጊዜ ይወስዳል።"

"የአባቴስ?"

"እሱን አላውቅም።"

ጃንዲር ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። "ቀብሯ መቼ ነው?" አለ።

ቀብሩ የተፈጸመው በሳምንቱ አጋማሽ ነበር። ቋሚዎቹ ዳኞች መጥተው ከኋላ ቆመዋል። ፍርድ ቤቱ አበባ አልላከም፤ ለክብር ዳኛ የሚላክ ነገር በደንቡ የለም። ሳጥኑን የሚሸከሙት የችሎቷ ባልደረቦች ናቸው፤ አራት የክብር ዳኞች እንዲሆኑ ቱልዮ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ሦስቱ ቀርበው ቦታቸውን ያዙ። አራተኛው ማዕዘን ባዶ ሆነ። ያ የዳል ፋራ ቦታ እንደነበረ ሁሉም ስላወቀ ማንም ሊጠጋው አልደፈረም። ሦስቱ ሰዎች አጎንብሰው ቆዩ።

ጃንዲር ከበሩ አጠገብ ወጥቶ መጣ። ባርኔጣውን ለሶማካል ሰጠው።

"ዘመድ ነህ?" አለው ቱልዮ።

"አይደለሁም፣ ጌታዬ" አለ ጃንዲር በተራራው ቋንቋ። "መዝገቧ ነኝ።"

ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ከሳጥኑ ሥር አስገባ፤ አራቱም አብረው ተነሡ።